ቅቤ የነካው ጭራ

መቱ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1994 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ እትዬ ጥሩአየሁ ዳምጤ፣ አቴንስ፤

የመቱ ዝናብ ሳያግደው፣ የባሕሩም ስፋት ሳያስፈራው ሰላምታዬ እደጃፍዎ ይግባ። እዚህ እናቴ ሀረገወይን፣ እኔና አባትዎ ጋሼ ዳምጤ ለፈጣሪ ምስጋና ይሁንና ደኅና ነን። ለእርስዎም ጉልበት፣ ለሚያስታምሟቸው አሮጊትም ቀና ቀን ይስጥልን።

ምናልባት መልኬን ረስተውት ይሆናል፤ እርስዎ ሲሄዱ ገና ፊደል እቆጥር ነበር። ሃይማኖት ነኝ፣ የአባትዎ የአክስት ልጅ የወለተ ማርያም የልጅ ልጅ። እናቴ ዝምድናችንን በጣቷ ስትቆጥር ሁልጊዜ አንድ ጣት ይጎድላታል፣ ግን ዘመድ ነን። አባትዎ እኛ ጓሮ ካለችው ክፍል ከገቡ ወዲህ ደግሞ ቆጠራውን ትተነዋል።

ሐምሌ ላይ በማኔጅመንት ተመርቄአለሁ። ከዚያ ወዲህ ከጎሬ እስከ በደሌ ማመልከቻ ያላስገባሁበት ቢሮ የለም። እናቴ "ማስታወቂያ ሰሌዳ ስታዪ አንገትሽ ረዘመ" ትለኛለች። ምንም አይደል፣ ዘንድሮ አንድ ነገር እንደሚሆንልኝ ይታወቀኛል።

ነሐሴ ላይ አባትዎን ቀኝ ጎናቸውን እንዳደነዘዛቸው እናቴ ጽፋልዎት ነበር። አሁን ተሽሏቸዋል። ጣታቸው ትኩስና ቀዝቃዛ አይለይም፣ ዓይናቸውንም ሞራ ጀምሮታል፤ እናቴ ጠዋት ጠዋት አናታቸው ላይ ለጋ ቅቤ ታደርግላቸዋለች። ማሲንቋቸውን ግን ማንም አላስጣላቸውም። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲይዝ በራቸው ላይ ተቀምጠው ይመታሉ። ከዳሪሙ ቡና በፈረስ የሚያመላልሰው ጎረቤታችን በዳሳ "ማሎ ዳምጤ፣ አንዴ ብቻ ድገምልኝ!" እያለ ይለምናቸዋል። እሳቸውም "አንተ ሰውዬ፣ ፈረስህ እንኳ ጭነቱ ከብዶት ያፈጥብሃል፣ አታራግፍለትም?" ይሉታል።

ትልቁን ወሬ ላምጣው። ከባህል ቢሮ አቶ አብደታ የሚባል ሰው የቆዩ ተጫዋቾችን በቴፕ እየቀዳ ነው። አባትዎን አስመዘገብኋቸው! ኅዳር መጀመሪያ እኛው ቤት ይመጣሉ፣ ፎቶ አንሺም አለ። እውነቱን ለመናገር ለእሳቸው ብቻ ብዬ አይደለም፤ አቶ አብደታ "እንዲህ የምትሮጥ ልጅ ለሥራችን ታስፈልገናለች" ብሎኛል። ለእርስዎ ምን ይመታልዎ? ይጻፉልኝና እነግራቸዋለሁ።

በሰላም ያገናኘን ብላ የምትሰናበትዎ፣
ሃይማኖት


አቴንስ፣ ኅዳር 7 ቀን 1994 ዓ.ም.

ለሃይማኖት፤

ኪዳነ ምሕረት ከክፉ ትጋርድሽ፣ ያሰብሽውን ታሳካልሽ። እናትሽን ጉልበቷን ሳሚልኝ።

ደብዳቤሽን መታጠቢያ ቤት ቆልፌ ነው ያነበብኩት። አሮጊቷ ኪሪያ ኤሌኒ ስቀመጥ ካየች ትጣራለች። ኪሪያ ማለት እመቤት ማለት ነው፤ ኤሌኒ ያው እንደኛ ሰው ስም ነው። አጥባታለሁ፣ ፀጉሯን አበጥራታለሁ፣ ጥፍሯን እቆርጣለሁ። እኔ የሰው እናት አጥባለሁ፣ የኔን አባት ደግሞ ያንቺ እናት ቅቤ ትቀባልኛለች። ይኼን ሳስብ እጄ ውሃው ውስጥ ይቀራል።

አትምጪ የሚለኝ ወረቀቱ ነው። የመኖሪያ ፈቃድ አስገብቻለሁ፤ እሱ ሳይወጣ ከዚህ አገር እግሬን ካነሳሁ መመለስ የለም። ዛሬ ይወጣል፣ ነገ ይወጣል እያሉ ፀጉሬ ነጣ።

ምን ይምታልሽ ላልሽኝ፣ ለእናቴ የሚመታትን ይምታልኝ። ያቺ ዜማ ስም የላትም። መጀመሪያዋ ላይ ሰው ሲጠራሽ እንደምትይው "እ?" ትላለች፣ እሱ ያውቃታል። ደግሞ እባክሽ ማሲንቆውን ማንም እንዳይነካበት። ልጅ ሆኜ ደጋኑን በጄ ደባብሼ የቀመስኩትን ኩርኩም አናቴ እስከ ዛሬ አልረሳውም። ለምን እንደሆነ አልነገረኝም፤ "አይነካም!" ብቻ ነው።

ጎበዝ ልጅ። የተማረ ሰው አጠገቡ በመኖሩ እንቅልፍ ይወስደኛል።

ጥሩአየሁ


መቱ፣ ኅዳር 13 ቀን 1994 ዓ.ም.
(ተጽፎ ያልተላከ)

እትዬ ጥሩአየሁ፤

ሰላምታው አልመጣልኝም፣ ይቅር ይበሉኝ። ወረቀት እየቀደድሁ ነው የዋልሁት።

ባለፈው እሑድ ጋሼ ዳምጤ ቤተ ክርስቲያን ሄደው ሳለ ማሲንቆውን ከሚስማሩ አወረድሁት። በማግሥቱ እነአቶ አብደታ ሊመጡ ነው። በቀን ብርሃን ሳየው አፈርሁ። የደጋኑ ጭራ በሙጫና በአቧራ ጠቁሮ፣ እርስ በርሱ ተጣብቆ፣ ያለቀ መጥረጊያ መስሏል። "ይኼ ነው ፎቶ የሚነሣው?" አልሁ። ሳህን ውስጥ ሞቅ ያለ ውሃ አድርጌ በዱቄት ሳሙና አጠብሁት። ነጭ ሆነ! ሲደርቅ ግን ገለባ ሆነ፣ ሲነኩት ይንኮሻኮሻል።

እኛ ቤት የደረቀ ነገር ሁሉ መድኃኒቱ አንድ ነው። ፀጉር ይሁን፣ የተሰነጠቀ ተረከዝ ይሁን፣ የከበሮ ቆዳ ይሁን። የእናቴን ቅቤ አነሣሁና ጭራውን ከላይ እስከ ታች አሸሁት፣ በጨርቅ ወለወልሁት፣ ማሲንቆው ላይ ለተወጠረውም ጭራ ደገምሁለት። እንደ ሙሽራ ፀጉር አበራ። ሚስማሩ ላይ ስመልሰው በራሴ ኮርቼ ነበር።

ሰኞ መጡ። ቴፑ ተቀመጠ፣ ፎቶ አንሺው ተንበረከከ። አቶ አብደታ "አባባ፣ ደስ ባለዎት ይጀምሩ" አላቸው። አባትዎ ደጋኑን ሳቡ። ድምፅ የለም። ጨርቅ በጨርቅ ላይ ሲጎተት የሚሰማው ዓይነት ነገር ብቻ። እንደገና ሳቡ፣ ይንሸራተታል። ጭራው እንዲጮህ የሚታሸውን ሙጫቸውን ከኪሳቸው አውጥተው አሹበት፣ ሙጫው ቅቤው ላይ ተላቁጦ ቀረ። ቅቤው እንዴት አልሸተታቸውም ይሉኝ ይሆናል። ጠዋት እናቴ አናታቸውን ቀብታቸው ነበር፤ ከራሳቸው በላይ የሚሸት ነገር ቤቱ ውስጥ አልነበረም። ጣታቸውም እንደ ጻፍሁልዎት ነው።

ቀኝ እጃቸውን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አዩት። ከዚያ "ልጆቼ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ። የተረፈችኝን ጨርሼ ነው የመጣችሁት። እጄ ሄዷል" አሉ።

እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። አፌን ከፍቼ ነበር፣ እውነቴን ነው። አቶ አብደታ ወደ እኔ ዞሮ "አይዞሽ፣ አንቺ የምትችይውን አድርገሻል" አለኝ። ያኔ ዘጋሁት።

ሰዎቹ ሲሄዱ አባትዎ ማሲንቆውን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙረው ሰቀሉት። በዳሳ መጥቶ እንደ ልማዱ በኦሮምኛ "ያ ዳምጤ" ብሎ ጠርቷቸው "ምነው ዛሬ?" ሲላቸው "ዛሬ ብቻ አይደለም" አሉት። እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ሸሽገው ነው የሚቀመጡት።

ነገ እነግራቸዋለሁ። ትናንትም ነገ ብዬ ነበር።


መቱ፣ ታኅሣሥ 22 ቀን 1994 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ እትዬ ጥሩአየሁ፤

በቅድሚያ ለመጪው የልደት በዓል የደስታ መልእክቴ ይድረስዎ። ደብዳቤዎ ደርሶናል፣ የእናቴንም ጉልበት ሳሚልኝ እንዳሉኝ ስሜያለሁ።

መልስ ያዘገየሁት ሥራ ይዤ ነው። አቶ አብደታ የሌሎች ተጫዋቾችን ስም እንድሰበስብ በጊዜያዊነት ቀጥሮኛል፤ ከያዮ እስከ ኡካ እዞራለሁ። መንገዱ ጭቃ ቢሆንም አገር አየሁበት።

የአባትዎ ቀረጻ ግን ሳይሆን ቀርቷል። ለጊዜው ማሲንቆ አቁመዋል። ሕመሙም ዕድሜውም ነው ይላሉ። ምግብ በመጠኑ ይበላሉ። እርስዎ የጠየቁትን ለመንገር ጊዜው አልሆነልኝም።

አንድ ነገር ላስቸግርዎ። እዚያ አገር ለቫዮሊን የሚሆን ሙጫ አይጠፋም ይባላል፤ ቢገኝ ትንሽ ቢልኩልኝ። ቅባት የነካውን ጭራ ምን እንደሚያጸዳውም የሚያውቅ ሰው ካለ ቢጠይቁልኝ። ለአንድ ሰው ፈልጌው ነው።

አክባሪዎ፣
ሃይማኖት


አቴንስ፣ ጥር 25 ቀን 1994 ዓ.ም.

ሃይማኖት፤

ሰላም ለናንተ ይሁን። የምጽፈው እየተንቀጠቀጥኩ ስለሆነ ፊደሉን እያስተካከልሽ አንብቢው።

አቁመዋል አልሽኝ። እንደ ዋዛ፣ በምግብና በጭቃ መሐል። አባቴ እኮ እናቴ በሞተች ሰሞን እንኳ አላቆመም! ሰው "ነውር ነው" ሲለው "ለሷ ነው የምመታው፣ ለናንተ ማን መታ?" ብሎ የመለሰ ሰው ነው። እሱ ማሲንቆ ካቆመ ሌላው ሁሉ ቆሟል ማለት ነው። ሙጫ ላኪ ደግሞ ትዪኛለሽ። ለማን? አባቴ ካቆመ እናንተ ቤት ሙጫ የሚፈልግ ማነው? ደብዳቤሽን አገላብጬ አየሁት፣ ልቤ ግን አንቺን መጠርጠር አልፈለገም። እውነቱ ከብዶሽ እያስታመምሽኝ ነው አልኩ።

ጥፋቱ የኔ ነው። በነሐሴ ሲታመም መምጣት ነበረብኝ። "ወረቀቴ" አልኩ። ልጁ ከሱ ይልቅ ወረቀት ስትመርጥበት እጁ ለምን አይሄድ?

አሁን ቆርጫለሁ። ለኪሪያ ኤሌኒ ልጅ ነግሬዋለሁ፣ ሌላ ሠራተኛ እየፈለገ ነው። ወረቀቱ ይቅር። ለፋሲካ መቱ ነኝ። እዚህ ያሉ የአገሬ ልጆች አበድሽ አሉኝ። "ከወጣሽ እኮ አትገቢም፣ እዚያ ምን ሠርተሽ ልትበይ ነው?" አሉኝ። አላውቅም። አባቴ ሳልደርስበት ቢሞት የምበላው ነገር ጉሮሮዬን አይወርድም።

አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ አትዋሺኝም። እየሞተ ነው? አንድ ቃል ጻፊልኝ።

ጥሩአየሁ


መቱ፣ የካቲት 10 ቀን 1994 ዓ.ም.

እትዬ ጥሩአየሁ፣ አይምጡ! ሰላምታዬን ሳላስቀድም ይህን መጻፌን ይቅር ይበሉኝ። ሥራዎን አይልቀቁ። አባትዎ እየሞቱ አይደለም። እጃቸውን ያሳጣኋቸው እኔ ነኝ።

ሁሉንም ኅዳር ላይ ጽፌው ነበር፣ አልላክሁትም። ከዚህ ጋር አብሬ አድርጌዋለሁ። አሳጥሬም ልድገመው፤ የደጋኑን ጭራ ቅቤ ቀባሁት። ቅቤ የነካው ጭራ አይጮህም። እሳቸው እጃቸው የሞተ መሰላቸው፣ እኔም እያየሁ ዝም አልሁ። ያን ዝምታ ተቀጠርሁበት። ሌሎች ተጫዋቾች ፊት ተቀምጬ ስማቸውን ስጽፍ፣ ደጋናቸውን በሳቡ ቁጥር እስክሪብቶዬ ይቆማል።

ደብዳቤዎ ዛሬ ጠዋት ደረሰኝ። ቴሌ ሮጥሁ፤ በፖስታው ጀርባ ያለውን ቁጥር ሰጠሁ። አሮጊቷ ኪሪያ ኤሌኒ አነሡት። "እትዬ ጥሩአየሁ!" ስል ጮኹብኝ፣ እኔም ጮህሁ፣ እሳቸው በግሪክኛ እኔ በአማርኛ፤ ከዚያ ዘጉት። ኦፕሬተሯ "ዘመድሽ ናቸው?" አለችኝ። ይህን ደብዳቤ አሁን ወደ አዲስ አበባ በሚነሣው ሾፌር እጅ እልከዋለሁ፣ እሱ በፈጣን መልእክት ያስገባልኛል።

ከቴሌ እንደወጣሁ መጀመሪያ የሄድሁት ወደ አባትዎ ነው። ከበዳሳ ጋር በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል። ቆሜ ነገርኋቸው።

"በቅቤ?" አሉ።

"በቅቤ።"

"በየትኛው ቅቤ?"

"በአናትዎ ቅቤ፣ ጋሼ።"

በዳሳ ሊስቅ ጀምሮ ፊታቸውን ሲያይ ተወው። እጃቸውን ከጋቢው አወጡና ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት፤ የሰው ዕቃ ይመስል። "እኔ ይኼን እጅ ቀብሬዋለሁ። ብቻዬን አልቅሼለታለሁ። አንቺ ደግሞ ሻይ እያቀረብሽልኝ ለቅሶዬን ቆመሽ አየሽ" አሉኝ። ገብተው በሩን ዘጉ።

ይህን ነው የሠራሁት። ይርገሙኝ፣ ግን አይምጡ።

ሃይማኖት


መቱ፣ የካቲት 26 ቀን 1994 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ ጥሩአየሁ፤

ሰላምታዬን የሚቀበሉ ከሆነ እነሆ። መልስዎን መጠበቅ ስላልቻልሁ ነው የምጽፈው።

አባትዎ ብዙ ቀን አላናገሩኝም። ምግባቸውን እናቴ ናት የምታስገባላቸው። እሷ እንኳ "ቅቤዬን ስትነኪ ለምን አልጠየቅሽኝም?" ብላ የተቆጣችኝ እሳቸው እንዲሰሙላት ነው። ቅዳሜ ዕለት በዳሳ መጥቶ ጠራኝ። ማሲንቆው ወርዷል፣ ደጋኑ ጭናቸው ላይ ነው።

"በዳሳ፣ ለልጅቷ ንገራት፤ መጀመሪያ እጇን ትታጠብ።"

"ያ ዳምጤ፣ እዚሁ ናት እኮ፣ ሰምታለች።"

"ንገራት ብዬሃለሁ።"

በዳሳ ወደ እኔ ዞሮ በቁም ነገር "እጅሽን ታጠቢ ተብለሻል" አለኝ። እስከ ክርናችን ታጠብን፣ እሱ ምን አግብቶት እንደታጠበ አላውቅም።

ሥራው ቀኑን ሙሉ ፈጀ። አመድ በለብታ ውሃ ተበጥብጦ ጠለለ፤ የደጋኑን ጭራ እሱ ውስጥ እየነከርሁ በሁለት ጣት ወደ ታች ብቻ እጨምቃለሁ። ውሃው ላይ የቅቤ ዓይን እስኪጠፋ እደፋለሁ፣ እቀይራለሁ። "ንገራት፣ አትፈትገው፣ የቆሸሸ ካልሲ አይደለም።" "አትፈትጊው፣ ካልሲ አይደለም።" የተበጠሰውን እንዳልነቅል፣ ከሥሩ በመቀስ እንድቆርጥ ተነገረኝ። ፀሐይ አይነካው፣ እሳት አይጠጋው፤ ከጣሪያው ክፈፍ ስር ሰቀልነው። መቱ ደግሞ ያውቋታል፣ ሰማዩ እንደ እርጥብ ፎጣ ነው፣ ሳይደርቅ መሸ።

የማሲንቆው ጭራ ግን አልድን አለ። በዳሳ ከፈረሱ ጭራ ቆርጦ አመጣ።

"የወንድ ነው? የሴት ከሆነ ሽንቷ ይነካዋልና አይሆንም።"

"ዳምጤ፣ ይኼን ፈረስ ከውርንጭላነቱ ጀምሮ አታውቀውም? ቢሰማህ ይቀየምሃል!"

ያን ጊዜ ትንሽ የሳቁ መሰለኝ። ፊታቸውን አዞሩ።

በማግሥቱ ጭራው ደርቆ ተበጠረ፣ ተወጠረ። የሙጫውን አመታት ሳይ ያኔ ምን ያህል እንደቸኮልሁ ገባኝ! የታጠበ ጭራ ድፍኑን ሙጫ አይቀበልም፤ መጀመሪያ በድንጋይ አልሜ ዱቄቱን ነሰነስሁበት፣ ቀጥሎ ነው ድፍኑን ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀስ እያልሁ የማሸው። "ንገራት፣ እየሮጠች ነው።" "እየሮጥሽ ነው።" በኋላማ በዳሳ ሰለቸው፣ "ቶሌ፣ ቶሌ"፣ እሺ እሺ ብሎ ማስተላለፉን ተወው፤ አባትዎም ሳያስቡት "ወደ ጫፉ አሳንሺው" ብለው ራሳቸው ነገሩኝ። ከዚያ እንዳናገሩኝ ትዝ ሲላቸው ሳል አስመሰሉት።

ደጋኑን ተቀበሉኝና ሳቡ። ጮኸ፣ እትዬ ጥሩአየሁ! በዳሳ ባርኔጣውን አወለቀ። እኔ ማልቀሴን አላወቅሁም ነበር። ወዲያው ግን መሐል ላይ ሲደርሱ ክንዳቸው ወረደ። ደጋኑ ከጭራው ላይ ሸሸ። እንደገና ሞከሩ፣ እዚያው ቦታ ላይ ወረደ። ጭራው ላይ ምንም እንከን የለም፣ እኔ አውቀዋለሁ፣ እሳቸውም ያውቁታል።

"በዳሳ" አሉ፣ "ለልጅቷ ንገራት። ድምፅ ያጣሁት በሷ ነበር። ይኼኛው ግን የኔ ነው። የሷንና የኔን ደባልቃብኝ ነበር፣ አሁን ለየሁት።"

በዳሳ አልነገረኝም። አቅቶት መሬት መሬት ያይ ነበር።

ሥራዬን ለቅቄአለሁ። ለአቶ አብደታም ነገርሁት። ሳቀ፣ ከዚያ "ታዲያ ኅዳር ላይ ለምን አልነገርሽኝም?" አለኝ።

ሃይማኖት


አቴንስ፣ መጋቢት 20 ቀን 1994 ዓ.ም.

ለሃይማኖት፤

ጾሙን በሰላም ያስፈጽማችሁ። ሁለቱም ደብዳቤዎችሽ ደርሰውኛል፣ የኅዳሩም ጭምር።

የመጀመሪያውን ቆሜ ጀመርኩት፣ ቅቤው ላይ ስደርስ ተቀመጥኩ። ምን እንደተሰማኝ ልንገርሽ፣ ከዚያ ማን ማንን ይቅር እንደሚል ራስሽ ፍረጂ። ደስ አለኝ። አባቴ ስላልሞተ ብቻ እንዳይመስልሽ። መሄድ የለብኝም ብዬ ነው። ሻንጣዬ በሩ ስር ነበር፣ በእግሬ ከአልጋው ስር ገፋሁት። ለልጅየው "ሌላ ሰው አትፈልግ" ብዬ ደወልኩ። ለኪሪያ ኤሌኒ ሾርባ እያሞቅኩ እኮ እዘፍን ነበር! እሷም ገርሟት አፏን ከፍታ ጠበቀችኝ። ማንኪያውን ይዤ ቆምኩ። እኔ ምን ዓይነት ሰው ነኝ? አንቺ ወራት ዝም አልሽ። እኔ "ወረቀቴ ባይሆን እመጣ ነበር" እያልኩ ስንት ዘመን ተናገርኩ፣ ለካ ወረቀቱ ሰበብ ነበር፣ መምጣት የምፈራው እኔው ነበርኩ።

ሁለተኛው ደብዳቤሽ ሲመጣ ደግሞ እጁ እውነትም እየሄደ ነው ይላል። ታዲያ አሁን ልምጣ? ይኸውልሽ፣ አልመጣም። ወረቀቱን እጠብቃለሁ። ይኼን ስጽፍ እጄ አልተንቀጠቀጠም፣ እሱ ነው ያስፈራኝ።

አልረገምኩሽም። አመድ ውሃ ውስጥ እጅሽን ነክረሻል። እኔ ያንን እንኳ አላደረግኩለትም።

ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ያለው ሐሙስ ዕረፍቴ ነው። መቱ ቴሌ እደውላለሁ፣ የጥሪ ወረቀት ይደርሳችኋል። ማሲንቆውን ይዞ ይምጣ፣ የእናቴን ይምታልኝ። ክንዱ እስከቻለ ድረስ። ካልቻለም እንዳለ ይሁን፣ አንቺ መሐል ገብተሽ አታሳምሪልኝ።

ጥሩአየሁ


መቱ፣ ግንቦት 9 ቀን 1994 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ ጥሩአየሁ፤

ትንሣኤው የሁላችንንም የወደቀ ነገር ያንሣ። ትናንት ስልኩ እንደዚያ ሆኖ ስላለቀ፣ እዚህ በኩል የነበረውን ልጽፍልዎ ተቀምጫለሁ። አላሳምረውም።

ጾሙን ሙሉ አባትዎ ማሲንቆ አልመቱም። ደጋኑን ብቻ ይዘው ክንዳቸውን በባዶ አየር ሲያለማምዱ ግን እናቴ ደርሳባቸው "ጋሼ፣ በዐቢይ ጾም?" ብትላቸው "ድምፅ የለው፣ ምኑ ይገድፋል?" አሏት። ከእኔ ጋር እንነጋገራለን፤ እንደ ድሮው አይደለም። ሻይ ሳቀርብ ፊቴን ቀና ብለው ያዩኛል፣ ከዚያ ነው የሚጠጡት።

ትናንት በዳሳ ፈረሱ ላይ ካልጫንሁህ አላቸው፣ እሳቸው "ሙሽራ ነኝ?" ብለው በእግራቸው ሄዱ። ማሲንቆውን እኔ ያዝሁ፤ እንድይዝ የፈቀዱልኝ ያኔ ነው። ሙጫውን ቤት መትቼ ነበር፣ ቴሌ በር ላይ ቆመው በጣታቸው ሳይሆን ጆሯቸው ስር አድርገው አስጮኹትና "ይሁን" አሉኝ። ውስጥ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ቦታ ለቀቀላቸው። የስልኩን ክፍል በር መዝጋት አልተቻለም፣ ደጋኑ አያስዘጋውም። ኦፕሬተሯ "አቴንስ፣ ሁለተኛ ክፍል!" ብላ ስትጣራ ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ወደ እኛ ዞረ።

"ጥሩዬ" ያሉዎትን ሰምተዋል። "እ" ያለችውን መጀመሪያዋንም ሰምተዋል፣ ትንፋሽዎ ሲቆረጥ እኔም መነጋገሪያውን በያዝሁበት በኩል ሰምቻለሁ። አባትዎ እስከ መሐሏ ድረስ ሄዱ። እውነቱን ልንገርዎ፣ ጥሩ አልነበረም፤ ደጋኑ ሁለቴ ተንሸራቷል። ግን የእናትዎ መሆኗን ማንም ያውቃል። ከዚያ ክንዳቸው ወረደ።

እርስዎ "ሄሎ?" አሉ። ልመልስልዎ አፌን ስከፍት አባትዎ እጄን ያዙኝ። ድምፅ ሳያወጡ በአፋቸው ብቻ "ተያት" አሉኝ። እርስዎ "ሄሎ? አባባ? ተቋረጠ እንዴ?" ይላሉ። ኦፕሬተሯ ከመስኮቷ "ካልተነጋገራችሁ ልዝጋው?" ብላ ጮኸች፣ በዳሳ ሄዶ መስኮቷ ላይ በሰፊ ጀርባው ቆመ። አባትዎ ወደ ጆሮዬ ተጠግተው "ክንዴ እስኪመለስ ትጠብቅ። እኔ ጠብቄያት የለ?" አሉኝ። በቁጣ አልነበረም። ፊታቸው እንደዚያ ለስልሶ አይቼው አላውቅም።

ክንዳቸውን በግራ እጃቸው ደግፈው አነሡት። ደጋኑን ጭራው ላይ አስቀመጡት። ሊስቡ ሲሉ እርስዎ ዘጉት።

እኔ አለቀስሁ። እሳቸው ግን ጀምረውት ነበርና ጨረሱት፤ ስልኩ እጄ ላይ እየጮኸ፣ ቢሮው ሙሉ ሰው ቆሞ። ቀሪዋን ግማሽ የሰሙት መቱ ቴሌ የነበሩ ሰዎች ናቸው። ሲወጡ "ቸኮለች" ብቻ ነው ያሉት።

ስለዚህ በሌላ ሐሙስ ሲደውሉ ይህን ይወቁልኝ። ስልኩ ዝም ሲል ተቋርጦ አይደለም። ትናንትም አልተቋረጠም ነበር። አባትዎ እያንዳንዱን ሄሎዎን ሰምተውታል።

ሃይማኖት